የአጃ ኩኪስ በኮርንፍሌክስ፦ ጎንደር ላይ የማይከሽፍ አሠራር

«እንደ ቂጣ ተዘረጋብኝ።» «ጥርሴን ሊሰብረው ነበር።» «ኮርንፍሌክሱ ራሰና የት እንደገባ ጠፋኝ።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። አብዛኞቹ ከኢንተርኔት ያገኙትን አሠራር ግራም ሳያጎድሉ የተከተሉ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው። እነዚያ አሠራሮች የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላለ ኩሽና ነው። (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፤ እሷም ወደ 1,800 ሜትር ናት።) ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል፣ ቤኪንግ ሶዳው የሚያወጣው አየርም ከሚገባው በላይ ይነፋል። ኩኪሱ ይነፋና ይተኛል፣ ከዚያ ይደርቃል።

ሌላው ጣጣ የራሱ የኩኪሱ ነው። አጃው ለስለስ ብሎ እንዲታኘክ እርጥበት ይፈልጋል። ኮርንፍሌክሱ ኩርሽም እንዲል ደረቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት ኦቨን ደጃፍ ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ለዚህ ሲባል የተደረደረ ነውና አታዘዋውሩት።

የሚያስፈልገው (ለ20 ኩኪስ ገደማ)

- የገበታ ቅቤ፣ ጨው የሌለው፦ 115 ግራም
- ቡናማ ስኳር፦ 100 ግራም
- ነጭ ስኳር፦ 40 ግራም
- እንቁላል፦ አንድ የፈረንጅ እንቁላል እና የሌላ አንድ አስኳል። የሀበሻ ከሆነ ሁለት ሙሉ እንቁላል፤ ትንንሽ ስለሆኑ ልኩ ይመጣል
- ወተት፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ቫኒላ፦ 1 የሻይ ማንኪያ
- የፉርኖ ዱቄት፦ 110 ግራም
- ቤኪንግ ሶዳ፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ጨው፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ
- የተፈጨ ቀረፋ፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ጠፍጣፋ አጃ፦ 135 ግራም
- ኮርንፍሌክስ፣ ስኳር ያልተቀባ፦ 40 ግራም

ሚዛን ከሌላችሁ በሾርባ ማንኪያ ለኩ። በቢላዋ ጀርባ የተስተካከለ አንድ ማንኪያ ዱቄት 8 ግራም ገደማ ነው፤ 14 ማንኪያ ይበቃችኋል። ቡናማው ስኳር ጠቅጠቅ ተደርጎ 8 ማንኪያ፣ ነጩ 3 ማንኪያ፣ አጃው 24 ማንኪያ። በሻይ ብርጭቆ አትለኩ። የእኔ ቤት ብርጭቆና የእናንተ ቤት ብርጭቆ ዘመድ አይደሉም።

ሶዳው ሩብ ብቻ መሆኑ ያስደነግጣል። አትጨምሩበት። ግማሽ ማንኪያ የሚለው ለቆላ ሰው ነው።

ስትገዙ የምትሳሳቱበት

*ቅቤ።* ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የገበታ ቅቤ ሲባል በወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ የሚሸጠው ነው። ቅቤ አጠር ብሎ «ማርጋሪን ይሆናል?» ካላችሁ፣ በጥቅል የሚሸጠው ጠንካራው ይሆናል። በፕላስቲክ ዕቃ የሚመጣው ለስላሳው ግን ውኃ ይበዛበታል፣ ይዘረጋል።

ንጥር ቅቤ አይሆንም። አንድ ቀን የገበታ ቅቤ አጥቼ «ቅቤ ያው ቅቤ ነው» ብዬ ከእናቴ ማሰሮ ቀዳሁ። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ኦቨን ውስጥ ሲሞቅ ቤቱ በሙሉ የፋሲካ ዋዜማ ሆነ። ወንድሜ «ዶሮው የት አለ?» እያለ ነው የበላው። ከሽታው በላይ ደግሞ ንጥር ቅቤ ውኃው ተኖ ያለቀ ስብ ነው። የገበታ ቅቤ ውስጥ ግን መቶ ግራም ላይ 16 ግራም ገደማ ውኃ አለ፤ አጃውን የሚያለሰልሰው አንዱ እሱ ነው። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤም ቢሆን የአሬራው ልክ ስለማይታወቅ አይታመንም።

*አጃ።* ቅዳሜ ገበያ በጣሳ የሚሰፈረው አጃ ለአጥሚትና ለሾርባ እንጂ ለዚህ አይደለም። ፍሬው ሙሉ ወይም ተፈጭቶ ነው የሚሸጠው። ሙሉው በ10 ደቂቃ አይበስልም፣ ዱቄቱ ደግሞ ሊጡን ገንፎ ያደርገዋል። የምትፈልጉት በእንፋሎት ተለስልሶ የተዳጠውን ነው፤ በፓኬት ወይም በቆርቆሮ ይመጣል፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ኦትስ» ሲሉ ይሰጧችኋል። ፓኬቱ ላይ የፈላ ውኃ ብቻ አፍስሱበት የሚለውን ዓይነት ተዉት። በጣም ስለሳሳ ወዲያው ይሟሟል። ጥቂት ደቂቃ ቀቅሉት የሚለው ጥሩ ነው።

*ቡናማ ስኳር።* እርጥበት የሚይዘው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ለቀለም ብቻ አይምሰላችሁ። ካጣችሁ 85 ግራም ነጭ ስኳር ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምሩ። ማር ቶሎ ይቀላል፤ ኦቨኑን በ10 ዲግሪ ቀንሱለት።

*ኮርንፍሌክስ።* ከመግዛት በኋላ አንዱን ነክሳችሁ ስሙት። ክረምት ላይ ተከፍቶ የቆየ ፓኬት ሁልጊዜ እርጥበት ስቧል። እርጥበት ከሳበ 150 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አድርቁትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ፈንድሻ ይተካዋል ወይ? አይተካውም። ሞክሬዋለሁ፤ ላስቲክ ይሆናል። ፈንድሻውን ለቡናው ተዉለት።

ኦቨኑን መጀመሪያ ፈትኑት

የጠረጴዛ ኦቨን ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምኞት ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በስኳር ፈትኑ። ስኳር የሚቀልጠው 186 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ኦቨኑን 175 ላይ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ አሙቁት። አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ ስኳር በፎይል ላይ አስቀምጡና 15 ደቂቃ ተዉት። መቅለጥ የለበትም። ከቀለጠ ኦቨናችሁ ከሚለው በላይ ይግላል። ካልቀለጠ ቁልፉን 190 ላይ አዙሩና በአዲስ ስኳር ድገሙት። አሁን መቅለጥ አለበት። እምቢ ካለ ኦቨኑ ሰነፍ ነው፤ ከዚህ በታች የምሰጣችሁን ቁጥር በ15 ዲግሪ ከፍ አድርጉ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ውጤቱን በእስክሪብቶ ኦቨኑ ጎን ላይ ጻፉት።

ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል። ጠዋት የፈተናችሁት ኦቨን ማታ ሌላ ኦቨን ነው። እኔ ኩኪስ የምጋግረው ከሰዓት በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ቅቤውን አቅልጡ

ቅቤውን በትንሽ ድስት፣ በዝግተኛ እሳት አቅልጡ። ሦስት አራተኛው እንደቀለጠ አውርዱት፤ የቀረው በራሱ ሙቀት ይቀልጣል። አይንተክተክ። ከተንተከተከ ውኃው እየተነነ ነው፣ ንጥር ቅቤ ልትሠሩ ነው።

አሁን ጠብቁ። ጣታችሁን ስትነክሩ ለብ ብቻ ማለት አለበት። ይህ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በትኩስ ቅቤ ላይ እንቁላል የጨመረ ሰው የሚያገኘው ጣፋጭ እንቁላል ፍርፍር ነው።

ደረጃ 2፦ ስኳርና እንቁላል

ሁለቱንም ስኳር ለብ ባለው ቅቤ ላይ ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ ምቱ። እንቁላሉን፣ አስኳሉን፣ ወተቱንና ቫኒላውን ጨምሩ። ሌላ አንድ ደቂቃ በእጅ መምቻ ወይም በሹካ ምቱት። ሚክሰር አያስፈልግም፤ አየር በበዛ ቁጥር እዚህ ከፍታ ላይ መነፋቱና መተኛቱ ይብሳል።

ውሁዱ የካራሜል ቀለም ይዞ ማብረቅረቅ አለበት። ቅቤው ተለይቶ ላይ ላዩን ከሄደ ቀዝቃዛ እንቁላል ተጠቅማችኋል። ሳህኑን ሙቅ ውኃ ላይ ግማሽ ደቂቃ አስቀምጣችሁ እንደገና ምቱት፣ ይገጥማል።

ደረጃ 3፦ ደረቁን ጨምሩ

ዱቄት፣ ሶዳ፣ ጨውና ቀረፋ በሌላ ሳህን ቀላቅላችሁ ንፉ። ሶዳው ካልተነፋ እንክብል ሆኖ ይቀራል፣ ያ እንክብል የደረሰው ሰው ደግሞ ሳሙና በላሁ ይላል።

ዱቄቱን በእርጥቡ ላይ አድርጉና በእንጨት ማንኪያ አዙሩ። ነጭ ነጩ ሊጠፋ ሲል አቁሙ። ይህ የዳቦ ሊጥ አይደለም፤ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል። አጃውን ጨምሩና እንዲዳረስ ብቻ አገላብጡት።

ኮርንፍሌክሱን አሁን ለመጨመር እጃችሁ ይበላችኋል። ፓኬቱን ከአጠገባችሁ አርቁት።

ደረጃ 4፦ ይረፍ

ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ 45 ደቂቃ አስቀምጡ። በዚህ ጊዜ አጃው እርጥበቱን ይጠጣል፣ ቅቤው ይረጋል። ሲገባ እንደ ወፍራም ገንፎ የነበረው፣ ሲወጣ በእጅ የሚድቦለቦል መሆን አለበት።

ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከሄደ ሳህኑን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። ውኃው ከሳህኑ ግማሽ እንዳያልፍ። ውኃውን አንዴ ቀይሩለት፤ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ይደርቃል። ሲድቦለቦል የሚፈረካከስ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት ረጭ አድርጉበት።

ደረጃ 5፦ አንዱን ለሙከራ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው በኋላ «ሃያውም ተበላሸ» የሚለኝ። ኦቨኑን 180 ላይ አሙቁ። ከሊጡ 30 ግራም፣ ከሎሚ ትንሽ አነስ የሚል ድቡልቡል ውሰዱ፣ ጥቂት ኮርንፍሌክስ ጫኑበትና ብቻውን ጋግሩት፤ 10 ደቂቃ።

- ከተዘረጋ፦ በሊጡ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩና 15 ደቂቃ ፍሪጅ መልሱት።
- እንደ ኳስ ከቀረ፦ 1 የሻይ ማንኪያ ወተት ጨምሩ፣ ሌሎቹን ደግሞ በመዳፍ ጫን አድርጉ።
- ተነፍቶ መሃሉ ከሰረጎደ፦ ሶዳ በዝቷል። ማውጣት አይቻልም፤ 2 የሾርባ ማንኪያ አጃና 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምራችሁ አድኑት።

ደረጃ 6፦ ኮርንፍሌክሱ ይግባ

የቀረውን ኮርንፍሌክስ ሁለት ሦስተኛ ሊጡ ላይ በትኑና በእጅ ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ አራት ጊዜ ብቻ አገላብጡ። አትጭመቁት። አንዳንዱ ቢሰበር ችግር የለም፣ ሁሉም ከደቀቀ ግን የበቆሎ ዱቄት ጨመራችሁ ማለት ነው።

30 ግራም 30 ግራም አድቦልብሉ። የመጋገሪያ ወረቀት ባነጠፋችሁበት ትሪ ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደርድሩ። ከፍታቸው አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር እስኪሆን በመዳፍ ጫን አድርጉ። የቀረውን ኮርንፍሌክስ ከላይ ሰኩት። ወረቀት ከሌለ ትሪውን በስሱ ቅቤ ቀቡት፤ ዘይት ካበዛችሁ ግን ታቹ ይንሸራተትና ይዘረጋል።

ትሪያችሁ ጥቁር ከሆነ ታቹ ቀድሞ ያራል። ሁለት ትሪ ደርባችሁ ተጠቀሙ።

የሚቀጥለው ዙር ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቅ። የጋለ ትሪ ላይ ሊጥ አታስቀምጡ፤ ቅቤው ኦቨን ሳይገባ ይቀልጣል። ትሪውን በውኃ አቀዝቅዛችሁ አድርቁት።

ደረጃ 7፦ መጋገርና ማውጣት

መሃለኛው እርከን ላይ፣ 180 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ፈጠን ብላችሁ ትሪውን አዙሩት። የጠረጴዛ ኦቨን የኋላ ጎኑ ሁልጊዜ ይግላል። የላዩ ሽቦ ኮርንፍሌክሱን ማጥቆር ከጀመረ ፎይል ጣል አድርጉበት።

ዋናው ጥያቄ መቼ ይውጣ ነው። ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲረጋ፣ መሃሉ ግን ገና ለስላሳና ያልበሰለ ሲመስል። አዎ፣ ያልበሰለ ሲመስል።

ጎረቤቴ አንድ ቀን አጠገቤ ቆመው አዩኝ። ትሪውን ሳወጣ ጣታቸውን መሃሉ ላይ ጫን አድርገው፣ «ውይ ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና ሊጥ ነው፤ መልሽው» አሉ።

«እትዬ፣ ቡናው እስኪፈላ ይታገሱኝ» አልኳቸው። ሁለተኛው ስኒ ላይ አንዱን አንስተው ገመጡት። ጠርዙ ኩርሽም አለ፣ መሃሉ ጥርስ ላይ ያዝ አደረገ። ሌላም አነሱ። ስለ ሊጡ ጉዳይ ድጋሚ አልተነሳም።

የሆነው ይህ ነው፦ ትሪው ራሱ የጋለ ስለሆነ ኩኪሱ ከወጣ በኋላም ይበስላል። መሃሉ እስኪደርቅ ኦቨን ውስጥ ከጠበቃችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነው። ትሪው ላይ 8 ደቂቃ ተዉት። ቀድማችሁ ካነሳችሁት ይቆረሳል። ከዚያ ወደ ፍርግርግ አዛውሩት። ፍርግርግ ከሌለ ሰፌድ ላይ አድርጉት፤ አየር ያሳልፋል። ሳህን ላይ ከሆነ እንፋሎቱ ከሥር ይታፈንና ታቹ ይረጥባል።

ሲበላሽ

*ተዘረጋ።* ቅቤው ትኩስ ነበር ወይም ሊጡ አላረፈም። በትኩሱ፣ ከኦቨን እንደወጣ፣ አፉ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ደፍታችሁ ኩኪሱን ውስጡ እያሽከረከራችሁ ሰብስቡት። ቅርጹ ይመለሳል። ለቀጣዩ ዙር ሊጡን 30 ደቂቃ ጨምሩለት።

*ደረቀ፣ ጠነከረ።* ሁለት ደቂቃ አብዝታችኋል። የደረቀውን ከቁራሽ ዳቦ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ይለሰልሳል። ኮርንፍሌክሱም አብሮ ይርሳል፣ ሁለቱን ማዳን አይቻልም።

*ታቹ አረረ፣ ላዩ ነጭ ነው።* ትሪውን አንድ እርከን ከፍ አድርጉ፣ ሁለተኛ ትሪ ደርቡ።

*መሃል ላይ መብራት ሄደ።* ኦቨኑን አትክፈቱ። ስምንት ደቂቃ ካለፈ፣ ዝግ እንደሆነ ሌላ 10 ደቂቃ ተዉት፤ ያለው ሙቀት ይጨርሰዋል። አምስት ደቂቃም ካልሞላ ግን ሊጡ ቀልጦ እየፈሰሰ ነውና አውጡት፣ ሰብስቡት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምራችሁ አቀዝቅዙት። መብራት ሲመጣ እንደገና አድቦልብሉ። ውስጥ ያለው ኮርንፍሌክስ ሄዷል፤ ከላይ አዲስ ሰኩበት። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ላይ ዕድላችሁን ሞክሩ፣ እኔም የማደርገው እሱን ነው።

ለጾም

በ115 ግራም ቅቤ ፈንታ 90 ግራም ዘይት፣ በወተቱ ፈንታ ውኃ። ለእንቁላሉ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ተዉት፤ ይዝለገለጋል። ተልባው ቢቆላም ባይቆላም ይሠራል፣ የተቆላው ግን ይሸታል፣ በጥሩ ጎኑ። ዘይት ፍሪጅ ውስጥ እንደ ቅቤ ስለማይረጋ ዱቄቱን በ1 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፣ ዕረፍቱንም አንድ ሰዓት ተኩል አድርጉት። ኮርንፍሌክሱ ወተት እንዳለበትና እንደሌለበት ፓኬቱ ላይ አንብቡ።

ማቆየት

የተጋገረው ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ሁለት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ይበላል፣ ግን ኩርሽምታው የለም። 150 ዲግሪ ላይ 4 ደቂቃ ብታሞቁት ትንሽ ይመለሳል።

ለጥምቀት ወይም ለሌላ እንግዳ ለሚበዛበት ቀን ሊጡን አስቀድማችሁ ሥሩ። ደረጃ 4 ላይ አቁሙና ያለ ኮርንፍሌክስ አድቦልብላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ አንድ ወር ይቆያል። እንግዳ በር ሲያንኳኳ የፈለጋችሁትን ያህል አውጡ፣ ትሪው ላይ 10 ደቂቃ ይለስልስ። ኮርንፍሌክሱን በደንብ ጭናችሁ ሰኩበትና ከተለመደው 2 ደቂቃ ጨምራችሁ ጋግሩት።